ጌል፤ ሕሙማነ አእምሮን በየቤቷ ያሳደረች ከተማ

በቤልጅየም ሰሜናዊ ክፍል፣ በአንትወርፕ ክፍለ ሀገር፣ ኬምፐን በሚባለው አሸዋማና ለእርሻ በማይመች ምድር ላይ ጌል የምትባል መጠነኛ ከተማ ትገኛለች። ስሟ በዓለም የተጠራው በቤተ መንግሥት ወይም በጦር ሜዳ፣ በወደብ ወይም በገበያ ምክንያት አይደለም፤ ከስድስት መቶ ዓመት ለማያንስ ዘመን አእምሯቸው የታወከባቸውን ሰዎች ከሩቅም ከቅርብም እየተቀበለች፣ በየቤቱ ማዕድ እያስቀመጠች፣ በየማሳው እያሰማራች፣ ከገዛ ልጆቿ ጋራ ያኖረችና ያስረጀች በመሆኗ ነው እንጂ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ለአንባቢ አስታውቃለሁ።

የአእምሮ ሕመም ከብዙው ደዌ የሚለይበት አንዱ ጠባይ ሰው ገና ለጋ ሳለ የሚጀምር መሆኑ ነው። ልብና ኩላሊት በአብዛኛው የሚደክሙት ሰው ቤቱን ከሠራ፣ ልጆቹንም ካሳደገ በኋላ ሲሆን፣ አእምሮ ግን ብዙ ጊዜ የሚታወከው ተማሪው ትምህርቱን ሳይፈጽም፣ ጐረምሳው ጎጆ ሳይወጣ ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀውም ከአእምሮ ሕመሞች ግማሽ የሚሆኑት የሚጀምሩት እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ስለዚህም ልጇ የታመመባት እናት ሁለት ጥያቄ ይዛ ታድራለች። አንደኛው «ልጄ ይድናል ወይ?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ፣ ለጎረቤት እንኳ ደፍራ የማትናገረው፣ «እኔ ስሞትስ ከማን ጋራ ይኖራል?» የሚል ነው። ካህናትም ሐኪሞችም በየዘመናቸው አብልጠው የደከሙት ለፊተኛው ጥያቄ ነው። የጌል ሰዎች ግን፣ በመጀመሪያ ሳያስቡት፣ በኋላም አስበውና ሥርዐት አበጅተውለት፣ ለኋለኛው ጥያቄ መልስ የሰጡ ሕዝብ ናቸው፤ ታሪካቸውን በአማርኛ መጻፍ የወደድሁትም ስለዚሁ ነው።

የነገሩ ሁሉ መነሻ የአንዲት ልጃገረድ ገድል ነው። ገድሉን በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በላቲን ቋንቋ የጻፈው ጴጥሮስ የተባለ የካምብሬ ካህን ሲሆን፣ እርሱም ከእርሱ በፊት በሕዝብ አፍ ሲነገር የኖረውን ትውፊት ሰብስቦ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ዲምፍና የአንድ የአየርላንድ ንጉሥ ልጅ ነበረች፤ አባቷ አረማዊ፣ እናቷ ግን ክርስቲያን ነበሩ። ንግሥቲቱ በሞተች ጊዜ ንጉሡ ከሐዘን ብዛት ልቡናው ተሰወረበት፤ የሞተችውን የምትመስል ሴት በአገሩ ሁሉ ቢያስፈልግ ስላጣም፣ መልኳ ከእናቷ መልክ አንድ የሆነችውን የገዛ ልጁን ላግባ ብሎ ተነሣ። ልጅቱም ገርበርኑስ ከተባለ ከነፍስ አባቷ ጋራ በመርከብ ሸሽታ በአንትወርፕ ወረደች፤ ከዚያም ወደ ጌል ገብታ በጸሎት ተወስና ተቀመጠች። የንጉሡ ሰዎች ግን ስደተኞቹ በመንገድ ለማደሪያ በከፈሉት የአገራቸው ገንዘብ ፍለጋቸውን አግኝተው ጌታቸውን መርተው አመጡ። ካህኑን ወታደሮቹ ገደሉት፤ ልጅቱን ለመግደል የሚደፍር በመታጣቱ አባቷ በገዛ እጁ አንገቷን በሰይፍ መታ። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 15 ዓመት ነበረ ይባላል።

የታሪክ ሊቃውንት ይህን ገድል እንደ ትውፊት እንጂ እንደ ተረጋገጠ ታሪክ አድርገው አይቀበሉትም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ አእምሮውን ያጣው አባትየው ሲሆን፣ የሕሙማነ አእምሮ አማላጅ ተብላ የተሾመችው ግን በዚያው ደዌ ምክንያት በአባቷ እጅ የተገደለችው ልጅ ናት። ከእንዲህ ያለ ታሪክ የአገሩ ሰው እብድን መፍራትና ማሳደድን ሊማርበት ይችል ነበር፤ የጌል ምእመናን ግን የተማሩበት ሰማዕቷ ለአባቷ ደዌ ትራራለች፣ እንደ አባቷ ለሆኑትም ሁሉ ትለምናለች የሚለውን ነው። ከተማዪቱ በኋላ ዘመን ያደረገችው ነገር ሁሉ ሥሩ ከዚህ ርኅራኄ እንደ ሆነ አምናለሁ።

በዲምፍና ስም የሚጠራው ታላቁ ቤተ ክርስቲያን በ1349 መሠራት ጀመረ፤ ዐፅሟም ዐርፎበታል ወደ ተባለው ወደዚህ ቦታ ከብራባንትና ከፍላንደርስ፣ ኋላም ከራቀ አገር ተሳላሚው ይጐርፍ ጀመር። ሥርዐቱ የዘጠኝ ቀን ሱባኤ ነበር። ሕመምተኛው ንስሐ ይገባል፤ ይቈርባል፤ በየቀኑ ጸሎት ይደረስለታል፤ ዐፅሙ በተቀመጠበት ታቦት መሰል ሣጥን ሥርም በጕልበቱ እየዳኸ ደጋግሞ ያልፋል፤ ይህን ለማድረግ ያልቻለ እንደ ሆነ ሌላ ሰው በእርሱ ፈንታ ይፈጽምለት ነበር። ለዚሁ ሱባኤ የሚሆን ቤት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከቤተ ክርስቲያኑ ጋራ ተያይዞ ተሠራ። ግድግዳው ላይ የብረት ቀለበት ነበረበት፤ የሚታወኩት በዚያ ይታሰሩ ነበርና። ይህንን መሸሸግ አይገባም፤ የጌልን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፍቅር ብቻ አድርገው የሚያቀርቡት ሰዎች ለከተማዪቱም ለሕሙማኑም እውነት አልተናገሩላቸውም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሥዕል እንግዳ አይሆንበትም። በእንጦጦ ማርያምም ሆነ በጻድቃኔ ማርያም ሰባትና ዐሥራ አራት ቀን፣ አንዳንዴም ወራት የሚቀመጠውን ጠበልተኛ፣ ልጇን በገመድ ወይም በሰንሰለት ይዛ ተራዋን የምትጠብቀውን እናት፣ በመካኑ ዙሪያ ለጠበልተኛ ክፍል የሚያከራየውን የሰፈር ሰው ያየ ሁሉ፣ የዛሬ አምስት መቶ ዓመት በጌል ደጀ ሰላም የነበረውን ነገር በዐይነ ሕሊናው ለመመልከት አይቸገርም።

ልዩነቱ የመጣው ከሱባኤው በኋላ ነው። ሕሙማኑ እየበዙ ሄደው የሱባኤው ቤት አልበቃ ስላለ፣ ተራ የሚጠብቁት በአካባቢው ገበሬ ቤት እንዲያድሩ ካህናቱ ያደርጉ ጀመር። ዘጠኙ ቀን ሲፈጸም ደግሞ ፈውስ ያገኘው ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ያላገኘው ሁለተኛ ሱባኤ እስኪገባ እዚያው ባደረበት ቤት ይቈይ ነበር፤ መቈየቱ ወር፣ ወሩ ዓመት እየሆነ፣ ዘመዶቹም ከሩቅ ሆነው ቀለቡን እየላኩ፣ እንግዳው የቤቱ ሰው ሆኖ ይቀር ነበር። እንግዲህ የጌል ልማድ የተወለደው ያልተፈጸመ ፈውስን በመጠበቅ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ከተማዪቱ «ስትድን ናና ትቀላቀለናለህ» አላለችም፤ ሰውየው ሳይድን ተቀላቀላት።

በዚህ ላይ ድኽነትም ድርሻ ነበረው። የኬምፐን አፈር አሸዋ ነው፤ እህል የሚያበቅለው ብዙ ፍግና ብዙ ጕልበት ሲፈስበት ብቻ ነው። ሕመምተኛውን የሚያሳድር ገበሬ ከቤተ ዘመዱ ወይም ከአገሩ አስተዳደር የሚላክለትን ጥቂት ገንዘብ ያገኛል፤ እንግዳው ጤናው በፈቀደለት ጊዜም ላም ይጠብቅለታል፣ ድንች ይቈፍርለታል፣ እንጨት ይፈልጥለታል። ይህን ሰምቶ የጌልን ሰዎች በጥቅመኝነት የሚወቅስ አይጠፋም። እኔ ግን በሌላ መንገድ አየዋለሁ፤ ሕመምተኛውን ከጥገኝነት ያወጣው በቤቱ ውስጥ የሚፈለግ ሰው መሆኑ ነበርና። የሚታዘንለት ሰው እንግዳ ሆኖ ሊኖር ይችላል፤ ማለዳ ላሟን የሚያልበው ሰው ግን አንድ ቀን ባይነሣ ቤቱ ሁሉ ይጐድላል።

ይህ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር የኖረ ልማድ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ታላቅ ፈተና ደረሰበት። የፈረንሳይ አብዮት ጦር አገሩን ከያዘ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ በ1797 ተዘጋ፤ ሱባኤው ተቋረጠ፤ ካህናቱም ተበተኑ። በሕግ ዐይን ሲታይ ሕሙማኑ በጌል የሚቈዩበት ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን ሳይሄዱ ቀሩ፤ ቤተ ሰቦቹም አላስወጧቸውም። ይልቁንም በ1803 የዲል አውራጃ ገዥ የነበረው ፖንቴኩላን በብራስልስ የሕሙማነ አእምሮ ማቈያ የሚታየውን ክፉ አያያዝ ተመልክቶ፣ የዚያን ከተማ ሕሙማን ወደ ጌል እንዲወሰዱ አደረገ። ይህ ሰው ጌልን የመረጠው ስለ ሰማዕቷ ዐፅም ተአምራት ብሎ አልነበረም፤ እዚያ ያሉት ሕሙማን ከብራስልሶቹ ይልቅ የሰው ወግ ይዘው እንደሚኖሩ ስላወቀ ነው እንጂ። ከዚያች ዓመት ወዲህ የእምነቱ ልማድ የመንግሥትም ልማድ ሆነ፤ ሌሎችም የቤልጅየም ከተሞች ብራስልስን ተከትለው ሕሙማናቸውን ይልኩ ጀመር።

በዚያ ዘመን በፓሪስ ስመ ጥር የነበረው ሐኪም ኤስኪሮል በ1821 ጌልን ሊጐበኝ መጣ። በየመንገዱ ብቻቸውን የሚመላለሱ፣ በማሳ ከገበሬው ጐን የሚሠሩ፣ ከሕፃናት ጋራ በእሳት ዳር የሚቀመጡ ሕሙማንን አየ፤ ከዚሁም ጋራ እግራቸው በብረት የታሰረ፣ ብረቱ የበላቸው፣ ያሳደራቸው ገበሬ የሚያጐሳቍላቸው ሰዎች መኖራቸውን ሳያይ አልቀረም። የጌንቱ ሐኪም ጊስላን ደግሞ ስለዚሁ ጕድለት ጌልን አጥብቆ ነቀፈ፤ እርሱ የሚሻው ንጹሕና በሐኪም የሚተዳደር የሕሙማን ቤት ነበርና። ከእነርሱ በኋላ በ1842 የመጣው ሐኪም ሞሮ ደ ቱር ግን አመስግኖ ተመለሰ። እነሆ ከዚህ ጀምሮ በአውሮፓ ሐኪሞች መካከል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የዘለቀ ክርክር ተነሣ፤ የታወከ አእምሮ የሚያርፈው በቅጥር ውስጥ ነው ወይስ በሰው መካከል? በዚያ ዘመን በየአገሩ ታላላቅ የእብዳን ማቈያዎች የሚሠሩበት ጊዜ ስለ ነበር፣ ፍርዱ በአብዛኛው ወደ ቅጥሩ አደላ።

ጌል ግን ነቀፌታውን ሰምታ ልማዷን ሳትተው ተሻሻለች፤ ከታሪኳ ሁሉ ትልቁን ትምህርት የማገኘውም እዚህ ላይ ነው። የቤልጅየም መንግሥት በ1850 ስለ ሕሙማነ አእምሮ ሕግ ባወጣ ጊዜ ጌልን በመንግሥት ጥበቃ ሥር አደረጋት፤ ፓሪጎ የተባለውም ሐኪም የመጀመሪያው የሕክምና ተቈጣጣሪ ሆነ። ከእርሱ በኋላ በተተካው በቡልከንስ ዘመን፣ በ1862፣ በከተማዪቱ ሐኪም ቤት ተከፈተ። አዲስ የሚመጣው ሰው መጀመሪያ ጥቂት ጊዜ እዚያ ይቀመጣል፤ ጠባዩና ሕመሙ ይጠናል፤ ከዚያም ለጠባዩ የሚስማማ ቤተ ሰብ ይመረጥለታል። ሕመሙ ሲነሣበት ወደ ሐኪም ቤቱ ይመለሳል፤ ሲሻለው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሐኪሞቹና አስታማሚዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ አልጋውን፣ ምግቡን፣ ልብሱን ይመረምራሉ፤ በደል የተገኘበት ቤተ ሰብ እንግዳውን ይነጠቃል። አንድ ቤት ከሁለት የበለጡ ሕሙማን እንዳይቀበል፣ ሁለቱም አንድ ዐይነት ጾታ እንዲሆኑ ተደነገገ። ሰንሰለቱም እየቀረ፣ እየቀረ ሄደ። ልብ በሉ፤ ሐኪም ቤቱ የተሠራው ቤተ ሰቡን ሊተካ ሳይሆን ቤተ ሰቡን ሊደግፍ ነው። ሌላው አውሮፓ ሕመምተኛውን ከቤቱ አውጥቶ ወደ ሐኪሙ ሲወስድ፣ በጌል ሐኪሙ ጫማው ጭቃ እየነካው ወደ ገበሬው ቤት ሄደ።

አሁን ስለ ኑሮው ትንሽ ሰፋ አድርገን እንናገር። ሕመም የጀመረው ወጣት ወደ ጌል ሲመጣ የሚቀበለው ቤተ ሰብ ስለ ሕመሙ ስም የሚነገረው ነገር እምብዛም አልነበረም፤ ቤተ ሰቡም አይጠይቅም ነበር። የሚማረው ሰውየውን ነው፤ ምን እንደሚያስደነግጠው፣ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ከማን ጋራ እንደሚስማማ፣ ዝም ብሎ መቀመጥ ሲፈልግ ፊቱ ምን እንደሚመስል። ይህ ዕውቀት በትምህርት ቤት የተገኘ አይደለም፤ እናት ለልጇ፣ አማት ለምራቷ ያስተላለፈችው ነው። የቤቱ እመቤት የሥርዐቱ ሁሉ ምሰሶ ነበረች፤ ያለ እርሷ ፈቃድ እንግዳ አይገባም፣ ያለ እርሷም ትዕግሥት አይሰነብትም። እንግዳው ድምፅ ሲሰማ ወይም ያልነበረ ነገር ሲያይ የቤቱ ሰዎች ሐሰት ነው ብለው አይሟገቱትም፤ እውነት ነው ብለውም አያታልሉትም፤ ልማዱ ነው ብለው ያልፉታል፤ ምሳ ሲደርስ ይጠሩታል።

ሥራው በደረጃ ነበር። መጀመሪያ ከእመቤቲቱ ጋራ ውሃ ይቀዳል፣ ዶሮዎችን ይመግባል፤ ቈይቶ ብቻውን ወደ ሱቅ ይላካል፤ ቈይቶ ሕፃኑን እንዲጠብቅ ይታመንበታል፤ ኪሱ ውስጥ የራሱ ጥቂት ገንዘብ ይኖረዋል፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ መጠጥ ቤት ሄዶ እንደ ማንኛውም ሰው ቢራውን ይጠጣል። የከተማዪቱ ሁሉ ዐይን ያየዋል፤ ቢጠፋ መንገዱን ያመለክቱታል፣ ቢያለቅስ ወደ ቤቱ ያደርሱታል። በዚያ የሚወለዱት ሕፃናትም ገና በደረት ሲድኹ ከሕሙማኑ ጋራ ስለሚያድጉ፣ በሌላ አገር ልጅ የሚሸሸውን ሰው እነርሱ አጎቴ እያሉ ይከተሉት ነበር። ወላጆቹ ሲሞቱ እንግዳው ከማሳውና ከቤቱ ጋራ ለልጆቻቸው ይተላለፋል፤ ሃምሳ ዓመትና ከዚያ በላይ በአንድ ጣራ ሥር የኖሩ፣ በጀርባቸው ያዘሉት ሕፃን በመጨረሻ እነርሱን የጦራቸው ሕሙማን ብዙ ነበሩ። ያች እናት የምትፈራው ጥያቄ፣ «እኔ ስሞት ከማን ጋራ ይኖራል?» የሚለው፣ በጌል እንዲህ ተመለሰ።

የከተማዪቱ ዝና ከቤልጅየም ወሰን አልፎ ሄደ። ሠዓሊው ቪንሰንት ቫን ጎግ ወጣት ሳለ፣ በ1880 ግድም፣ ነገሩ ግራ የገባው ፓስተር አባቱ ወደ ጌል ሊያስገባው አስቦ እንደ ነበረና እርሱ አልሄድም ብሎ እንደ ተቃወመ ከደብዳቤዎቹ ይታወቃል። ፈረንሳይኛ ለሚናገሩት ቤልጅየማውያን በ1884 በሊየርኑ፣ በፈረንሳይ አገርም በ1892 በደን ሲር ኦሮን ጌልን የመሰለ መንደር ተቋቋመ። በ1902 በአንትወርፕ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ ጉባኤም ሕሙማንን በቤተ ሰብ ማኖር መልካም ሥርዐት መሆኑን መሰከረ። ቍጥሩ ከፍ ያለው በ1938 ሲሆን፣ ያን ጊዜ በጌል ቤቶች ውስጥ 3,736 ሕሙማን ይኖሩ ነበር፤ የከተማዪቱም ሕዝብ ወደ 16,000 የሚጠጋ ነበረ። ከአራትና ከአምስት ሰው አንዱ ማለት ነው።

ይሁንና ነጻነቱ ፍጹም አልነበረም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የሉቨን ዩኒቨርሲቲና የኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከተማዪቱን ለብዙ ዓመት አጥንተዋት ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ የሆነው የሉቨኑ ኤውጄን ሮዘንስ በጻፈው መጽሐፍ እንዳመለከተው፣ የጌል ሰው ሕመምተኛውን ይወደዋል፣ ይጠብቀዋል፣ ነገር ግን ከራሱ ጋራ እኩል አድርጎ አይቈጥረውም ነበር። እንግዳው ከከተማው ልጅ ጋራ እንዲጋባ አይታሰብም፤ ለድካሙ የሚከፈለው የእጅ ገንዘብ እንጂ ደመወዝ አይደለም፤ ጠጕሩ ሸብቶም ቢሆን የቤቱ ታናሽ ሆኖ ይኖራል። በፍቅር ቤት ውስጥም ሰው ዕድሜ ልኩን ሕፃን ሆኖ ሊቀር ይችላልና ይህን እንደ ቀላል ነገር ማለፍ አይገባም። ማዕዱን መካፈል ታላቅ ነገር ነው፤ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ግን ማዕድ ብቻ አይበቃውም፤ የራሱ ደጃፍ፣ የራሱ ስም የተጻፈበት ደመወዝ፣ ቢሻ የራሱ ትዳር ያስፈልገዋል።

ይህንን ኋለኛውን ደረጃ ያመጣው ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የሆነው ነገር ነው። በ1952 በፓሪስ ክሎርፕሮማዚን የሚባለው መድኃኒት ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት ጀመረ፤ ከእርሱም በኋላ ሌሎች መድኃኒቶች ተከተሉት፤ ድምፁና ጥርጣሬው የሚረጋለት ሰው በዛ። በጌል ራሷ ሕሙማኑ የእጅ ሥራና ሙያ የሚማሩበት፣ ቀን ቀን የሚውሉበት ቤት ተዘጋጀ፤ ብርታት ያገኘውም ከቤተ ሰቡ ወጥቶ ጥቂት ሆነው በሚኖሩበት ቤት ወይም ብቻውን በተከራየው ክፍል እየኖረ፣ አስታማሚው በየጊዜው እየጠየቀው ራሱን እንዲያስተዳድር መንገድ ተከፈተለት። ሌላው አገርም ለሕሙማኑ ሌላ ማረፊያ እያገኘ ሄደ፤ እርሻው ቀነሰ፤ የቤቱ እመቤትም ወደ ፋብሪካና ወደ ቢሮ ወጣች። ስለዚህ በ1938 ከሦስት ሺሕ ሰባት መቶ በላይ የነበረው የቤተ ሰብ እንግዳ በ21ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ አምስት መቶ ዝቅ ብሎ፣ ከዚያም በኋላ እያነሰ ሄዷል። አንዳንዶች ይህን እንደ ልማዱ ሞት ይቈጥሩታል። እኔ ግን ከመቀነሱ ምክንያት አንዱ ሕሙማኑ በራሳቸው ቤት ለመኖር መብቃታቸው እስከ ሆነ ድረስ፣ በዚያ በኩል ያለውን መቀነስ የሥራው ፍሬ እለዋለሁ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ኢትዮጵያ ከጌል የጐደላት ቤተ ሰብ እንዳልሆነ እናያለን። አእምሮው የታወከበትን ልጅ የምታበላውና የምታጥበው፣ በየጠበሉ ይዛው የምትዞረው፣ ከጎረቤት ሐሜት የምትከልለው እናት በየሰፈሩ አለች። የጐደለው ከቤቱ ወዲያ ያለው ነገር ነው። በአዲስ አበባ መርካቶ አጠገብ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ለአእምሮ ሕሙማን ብቻ የተለየ ብቸኛ ሆስፒታል ሆኖ የአገሩን ሁሉ ሸክም ተሸክሟል፤ ልጁን ከጎጃም ወይም ከባሌ ይዞ የመጣ አባት የመድኃኒት ወረቀት ተቀብሎ፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ ያንኑ መንገድ ዳግመኛ ይጓዝ ነበር። የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ1987 ሲሆን፣ ሐኪሞችን በዚህ ሙያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የተጀመረው በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት በመላው አገር የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በቡታጅራ ከ68,000 በላይ ሰው ቤት ለቤት በተጠየቀ ጊዜም፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው መካከል ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው የሚያውቁት እጅግ ጥቂቶች ሆነው ተገኙ።

ደስ የሚያሰኘው ግን ከቡታጅራ በማይርቀው በሶዶ ወረዳ የተጀመረው ነገር ነው። እዚያ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ ሠለጠኑ፤ ከዚህም በላይ ከአካባቢው የተመረጡና የተማሩ ሰዎች ስኪዞፍሬኒያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ወዳለባቸው ሰዎች ቤት እየሄዱ፣ ከቤተ ሰቡ ጋራ ተቀምጠው፣ ሕመምተኛው ገላውን ከመታጠብ ጀምሮ ወደ ሥራና ወደ ማኅበር እስኪመለስ በደረጃ እንዲረዱት ተደረገ። በ2022 የታተመው ውጤት እንዳሳየው ይህ እርዳታ ከመድኃኒቱ ጋራ ሲጣመር፣ መድኃኒት ብቻ ካገኙት ይልቅ ሰዎቹ ኑሯቸውን ለመምራት የሚቸገሩበትን መጠን ቀንሶታል። የጌል ሰዎች ይህን ቢሰሙ የገዛ አያቶቻቸውን ሥራ ያውቁበት ነበር።

ስለዚህ በሥልጣን ላለውም፣ በመካናቱ ለሚያገለግሉትም፣ ለአንባቢውም ልመናዬ ይህ ነው። የጤና ባለ ሥልጣናት መድኃኒቱ ከሕመምተኛው ቀበሌ ሳይርቅ እንዲገኝ፣ አስታማሚም ወደ ቤቱ እንዲሄድ ያድርጉ፤ ሕመሙ ሲበረታ የሚታረፍበት አልጋም በየአውራጃው ይኑር። የጠበሉ አገልጋዮች ሰንሰለቱን ፈትተው፣ መድኃኒት የጀመረውን ጠበልተኛ መድኃኒቱን እየዋጠ እንዲጠመቅ ይፍቀዱለት። አንባቢም በሰፈርህ ከቤት የማይወጣ የታመመ ወጣት ካለ፣ እናቱን ግማሽ ቀን አሳርፋት፤ ሱቅ ወይም ማሳ ካለህ ደግሞ የሚችለውን ሥራ ስጠውና የሚገባውን ደመወዝ ክፈለው።